ጄነሬተሩ አጠገብ ያለው ክፍል

«እማማ፣ እርስዎ ክፍሉን ይጥረጉ... መምረጡን ለእኔ ይተዉልኝ።»

አሠልጣኙ እንዲህ ያላቸው ምድር ቤቱን የሚያፀዱትን አዛውንት ነው።

ጥፋታቸው ምን መሰላችሁ? «ልጄ፣ ጄነሬተሩ ሲነሳ እዚህ ራሴን ያዞረኛል። ላይኛው አዳራሽ ቢያረጅም ነፋስ ያገኛል» ማለታቸው...

እሱ ግን ልቡ እዚህ ቀርቷል።

ምንጣፉ አዲስ... ፕሮጀክተሩ የተገጠመ... መብራት ቢጠፋ ጄነሬተሩ ከግድግዳው ማዶ ነው።

አሥራ ሁለት የመዝገብ ቤት ሠራተኞችን በሁለት ሳምንት ኮምፒውተር ሊያሠለጥን ተዋውሏል። መብራት ካቋረጠው ሁለተኛ የሚጠራው የለም።

አከራዩ ሳቁ። «እሳቸው ከሥራ ማምለጫ አያጡም።»

እሱም አብሮ ሳቀ። አይ ሰው...

በሦስተኛው ቀን መብራት ጠፋ።

ውጭ ዝናብ ነበር። ዘበኛው ጄነሬተሩን አስነስቶ፣ ውሃ እንዳይገባበት የጄነሬተሩን ክፍል በር ዘጋው።

ግማሽ ሰዓት እንደሄደ ሠልጣኞቹ ማዛጋት ጀመሩ።

«ምሳ ቀነስ አድርጉ እንጂ» ብሎ ቀለደባቸው።

አንዷ «ራሴን አመመኝ» አለች።

«ስክሪን ስላልለመድሽ ነው... ይለቅሻል።»

ታናሽ እህቱ ከኋላ፣ ግድግዳው ሥር፣ ኪቦርዱ ላይ ተደፍታለች። ከአሥራ ሁለቱ ሌላ፣ እናታቸው «ሙያ አስይዛት፣ አደራ» ብላ የላከቻት ናት።

አጠገቧ ያለችው ሠልጣኝ ልትቀሰቅሳት እጇን ዘረጋች።

«ተያት፣ እሷ ቆማም ትተኛለች» አለ።

ሁሉም ሳቁ። ልጅቷም እጇን መለሰች...

ትንሽ ቆይቶ የእሱም ጉልበት ከዳው።

ሲነቃ ግቢው ውስጥ፣ ዝናብ እየመታው ተጋድሟል።

ያወጡት እማማ ናቸው። ጄነሬተሩ በር ተዘግቶበት ሲጮህ ሰምተው ሮጡ። ዘበኛውን ጠርተው አንድ በአንድ ጎትተው አወጧቸው።

አሥራ ሁለቱም ሠልጣኞች ተረፉ።

«እህቴስ?»

«ለእሷ አልደረስኩላትም፣ ልጄ» አሉ እማማ።

ሐኪሙ በኋላ እንደነገረው፣ ያ እንቅልፍ አልነበረም። መውጫ አጥቶ በግድግዳው ስንጥቅ ሳይታይ የገባው የጄነሬተሩ ጭስ መርዝ ነው፤ ሰውን ቀስ አድርጎ ያደክመዋል። እሷ ደግሞ ከሁሉም ይልቅ ለጭሱ ቅርብ ነበረች።

እዚያው ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ስልኩ ጮኸ። እናቱ ናት።

«እህትህ ስልክ አታነሳም... ክፍል ውስጥ ናት እንዴ?»

ወዳጆቼ... አከራይ ክፍሉን ሊያከራያችሁ ነው የሚያወራው። የክፍሉን ጉድ የሚያውቀው በየቀኑ የሚያፀዳው ሰው ነው። ቦታ ስትመርጡ እሱን ጠይቁ፤ ሲነግራችሁም ስሙት። ከመሳቃችሁ በፊት ስሙት።

እስቲ ንገሩኝ... እናንተ በእሱ ቦታ ብትሆኑ ለእናቱ ምን ብላችሁ ትመልሱ ነበር?