ንጹሕ ናሙና

የቤተ ሙከራው መመርመሪያ ማሽን በየጠዋቱ መጀመሪያ የሚቀምሰው ንጹሕ ሽንት ይፈልጋል። መድኃኒት ያልነካው ምን እንደሚመስል ካላየ የአይጦቹን ለይቶ አያውቅም። ለእንዲህ ያለ ነገር የሰው ደጅ ከመጥናት የራስ ይቀላል ብላ፣ ባለሙያዋ ስድስት ዓመት ሙሉ የራሷን ስትሰጠው ኖራለች። ስድስት ዓመት ሙሉም ማሽኑ ወረቀት ላይ የሚስለው መስመር ቀጥ ብሎ ሲሄድ እያየች ወደ ሥራዋ ትገባ ነበር።

ማክሰኞ ዕለት መስመሩ ጉብ አለ።

ባልደረቦቿ «ሚዛን» ይሏታል፤ አንዲት ጠብታ እንኳ ሳትመዝን አታሳልፍም። ሥራዋ ሃያ አራት አይጦችን መከታተል ነው። ለድንች በሽታ የተሠራ ፀረ ፈንገስ መድኃኒት በስኳር ተለውሶ ይሰጣቸዋል፤ ከዚያ ወለሉ ወንፊት በሆነ ሳጥን ውስጥ ይቀመጡና ሽንታቸውና ኩሳቸው በየስድስት ሰዓቱ ለየብቻ ይሰበሰባል። ከገባው ስንቱ ወጣ፣ በየት በኩል ወጣ፣ ጥያቄው ይኸው ነው። አብዛኛው በሽንት ይወጣል። የቀረውን ለማግኘት አይጦቹ በሦስተኛው ቀን ይገደሉና ጉበታቸው ይመረመራል። በየሳጥኑ በር ላይ ቢጫ ካርድ ተንጠልጥሏል፦ ቁጥር፣ ፆታ፣ ክብደት፣ መድኃኒቱ የተሰጠበት ሰዓት፤ ከሁሉ በታች «ሦስተኛ ቀን፦ ጉበት»።

በራሷ ናሙና ላይ ጉብ ያለው የዚያው መድኃኒት ምልክት ነበር። ብልቃጥ ተምታቶብኝ ነው ብላ ደገመችው። ብልቃጡን አጥባ ሠለሰችው። ያው ነው። መድኃኒቱ ሆዷ ውስጥ ገብቷል።

እየሮጠች የሄደችው ወደ ቤተ ሙከራው ኃላፊ ነው። ሠራተኛው ሁሉ «አባባ» ነው የሚላቸው። አይጦቹ ከሙከራው በፊት የሚተኙበት ሰጋቱራ ሳል ስለሚለቅባት፣ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ በቢሯቸው በር ስታልፍ «ነይ ልጄ፣ ለጉሮሮሽ» ብለው ከረሜላ የሚሰጧት እሳቸው ናቸው። ሌላ ማን አላት?

አባባ ወረቀቱን አገላብጠው አዩት።

«ባለቤትሽ የት ነበር የሚሠራው?»

«ዘር መጋዘን።»

«ዘሩ እንዳይሻግት በምንድን ነው የሚያሹት?»

መልሱን ሁለቱም ያውቁታል። በዚያው መድኃኒት ነው።

«ኧረ አባባ፣ እሱ እንዲህ አያደርግም!»

«እኔም ያደርጋል አልወጣኝም። ብቻ ለማንም ትንፍሽ እንዳትዪ፤ ለእሱማ ጨርሶ። በየስድስት ሰዓቱ እየያዝሽ አምጪልኝ። እስቲ ሚዛኑ ላይ ውጪ፤ ክብደት ካልታወቀ ስሌቱ አይሠራም።»

ስልሳ አንድ ኪሎ ሆነች። ጻፉት።

ሁለት ቀን ብልቃጥ በቦርሳዋ ይዛ ዞረች። መጸዳጃ ቤት በቆየች ቁጥር ባሏ «ምን ሆነሻል?» እያለ በሩን ሲያንኳኳ፣ ክዳኑን በችኮላ ገጥማ ብልቃጡን ቦርሳዋ ውስጥ ትደብቀዋለች። ረቡዕ ማታ የየብልቃጡን ውጤት ነጥቦች አገናኝታ ወደ ኋላ ቆጠረች። መድኃኒቱ የሚገባው ጠዋት ነው፤ በአንድና በሁለት ሰዓት መካከል።

ቁርስ የምትበላው በአንድ ሰዓት ነው። በአሥር ዓመት ትዳር ሻይ እንኳ ሲያፈላ አይታው የማታውቀው ሰውዬ፣ እሑድ ክፉኛ ተጣልተው ሲያበቁ፣ ሰኞ እንቁላል ጠብሶ አልጋዋ ድረስ አመጣላት። ያን ጊዜ ይቅርታ መስሏት ሆዷ ባብቶ ነበር። ከዚያ ወዲህ አንድም ቀን አልቀረም።

ሐሙስም አመጣ።

«ምን አፍጥጠሽ ታዪዋለሽ? ብዪ እንጂ።»

«ሆዴን አሞኛል።»

«ከስተሻል እኮ። ለእኔ ስትዪ ትንሽ ቅመሺ።»

አልቀመሰችም። ውኃም ሳትጠጣ ወጣች። ስትደርስ አባባ ደጃፋቸው ላይ ቆመው ነበር፤ ፊቷን አይተው ከረሜላዋን ሰጧትና ትከሻዋን መታ መታ አደረጉ። በባዶ ሆዷ ስትመጠው ትንሽ ነፍስ ዘራች።

እኩለ ቀን ላይ ግን መስመሩ ከትናንቱ ይበልጥ ከፍ አለ።

«ዛሬ እኮ እህል አልቀመስኩም!»

«የትናንቱ ነው ልጄ። ከሰውነት እየወጣ ነው።»

አይጦቹ ላይ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። አዲስ ካልተሰጣቸው መስመሩ ይወርዳል እንጂ አይወጣም። ይህን ልትል አፏን ከፈተችና ተወችው፤ ፍርሃት አእምሮዋን በልቶታል። አባባ ግን ሰንጠረዡን አልጠገቡትም።

«እንዴት ያለ ጥንቃቄ ነው!» አሉ። «አይጥ ያው አይጥ ነው። ሰው ውስጥ ምን ያህል እንደሚቆይ እስከ ዛሬ የነገረን የለም።» ከዚያ መነጽራቸውን አወለቁ። «እንግዲህ ቤትሽ አትመለሺም። ፎቅ ላይ ያለው የእንግዳ ክፍል ባዶ ነው። ጨርሶ እስኪወጣልሽ ሦስት ቀን እዚያ ትቆያለሽ።»

አልቅሳ አመሰገነቻቸው።

ክፍሉ ንጹሕ ነው። ጠረጴዛው ላይ ሰዓት የተጻፈባቸው ባዶ ብልቃጦች ተደርድረዋል። አባባ «ለደኅንነትሽ ነው» ብለው በሩን ከውጭ ቆለፉት።

አሥር ሰዓት ግድም ከታች ጩኸት ሰማች። በመስኮቱ ብረት አጮልቃ አየች። ባሏ ነው፤ ምሳ ዕቃ በእጁ አንጠልጥሎ ከዘበኛው ጋር ይጨቃጨቃል።

«ሚስቴ እኮ ናት! አሟታል፣ ወደ ሐኪም ልውሰዳት!»

እንዳያያት ግድግዳው ላይ ተለጠፈች። ዘበኛው ገፍቶ መለሰው። ድምፁ ሲርቅ፣ ከማክሰኞ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በረጅሙ ተነፈሰች። ከእንግዲህ ማንም አይነካትም።

ዞር ስትል ዓይኗ በሩ ላይ ባለችው መዳፍ በማታክል መስታወት ላይ ዐረፈ። ከውጭ በኩል አንድ ቢጫ ነገር ተንጠልጥሏል። የኮሪደሩ ፀሐይ ከኋላው ስለበራበት ጽሑፉ ተገልብጦ ይታያል። ስድስት ዓመት ሲያነቡት ለኖሩት ጽሑፍ መገልበጥ ችግር አይሆንም።

«ቁጥር፦ ሃያ አምስት። ሴት። ስልሳ አንድ ኪሎ። መድኃኒቱ የተሰጠበት፦ ጠዋት ሁለት ሰዓት። ሦስተኛ ቀን፦ ጉበት።»