ሾኔን ያለፉ ሴቶች

ላንድክሩዘሩ በነጭ ሳር ፓርክ ጭቃ ውስጥ እስከ ሆዱ ሰመጠ። ሹፌሩ ፈትሁዲን ሞተሩን አጥፍቶ መሪውን በመዳፉ መታው።

«በቃ፣ እትዬ አስናቀች። ከዚህ ብንወጣም ወደ አርባ ምንጭ ነው የምንመለሰው። ከመሸ የፓርኩ በር ይዘጋብናል።»

ከኋላ የታጨቁት የአንጋጫ ሴቶች ወደ አስናቀች ዞሩ። በእቁብ የሚሰበስቡትን ቅቤ ሁልጊዜ ለባል ጋቢና ለልጅ ደብተር ሲሸጡ ኖረው፣ ዘንድሮ «የሜዳ አህያ እንይበት» ያለችው እሷ ነበረች። ሰው ሁሉ ሳቀባቸው። ባሏ ጴጥሮስማ በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ሰው በተሰበሰበበት፣ «የቤቱ አህያ አንሷችሁ ነው? ሾኔን ካለፋችሁ እኔ ጴጥሮስ አልባልም!» ብሎ ነበር። የሾኔን ከተማስ ትናንት አልፈዋል፤ ግን አህያውን ሳያዩ ቢመለሱ የሱን አፍ ማን ይችለዋል?

«ጣቢታ፣ ውረጂ!» አለች አስናቀች፣ ከሴቶቹ አንዷን።

«ኧረ እናቶች፣ አውሬ አለ!» አለ አብሯቸው የመጣው መሣሪያ የያዘ የፓርኩ ጠባቂ።

«አውሬውን አንተ ጠብቅ። ጭቃውን ለእኛ ተወው።»

ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ ታጠቁ። ቆጮ የቋጠሩበትን ማዳበሪያ ከጎማው ሥር ጎዘጎዙና ለመኪናው ትከሻቸውን ሰጡ። መንገዱን ሙሉ ስታጉረመርም የመጣችው ጣቢታ፣ እንሰት ሲፍቁ የሚዘፍኑትን በከምባትኛ አወጣች፤ ሌሎቹ ተቀበሉ። ጠባቂውም አፍሮ መሣሪያውን አነገተና መግፋት ጀመረ። ፈትሁዲን ሞተሩን ሲያስነሣ መኪናው አጓራ፣ ጭቃውን ፊታቸው ላይ ረጨና ዘሎ ወጣ።

እልልታው ሜዳውን ሞላው። ያኔ ከጉብታው ወዲያ ጆሮዎች ብቅ አሉ፤ ከዚያ አንገት፤ ከዚያ የሜዳ አህያ መንጋው በሙሉ። ቆመው «እነዚህ ደግሞ ምንድን ናቸው?» በሚል ዓይን ያዩአቸው ጀመር።

ጣቢታ በጭቃማ እጇ አፏን ያዘች። «እመቤቴ! ይኼን ማን ሸመነው?»

«ለጴጥሮስ ሌላ ስም ፈልጉለት!» አለች አስናቀች። ደስታዋ ከሳቋ ጋር ገንፍሎ እንባዋ መጣ።

ፈትሁዲን ይዟት የመጣትን ካሜራ አነሣ። «ፊልሙ ሊያልቅ ነው፤ አንዲት ፎቶ ብቻ ናት የቀረችው። እናቶች፣ እስቲ ዞር በሉ፤ አህዮቹን ጋረዳችኋቸው።»

አስናቀች ንቅንቅ አላለችም። ጣቢታን ወደ ራሷ ሳብ አድርጋ ጭቃ የለበሰ ፊቷን ቀና አደረገች።

«ይጋረዱ! እነሱ የዚሁ ነዋሪ ናቸው። ከአንጋጫ የመጣነው እኛ ነን፤ እኛን አንሣ!»

ፈትሁዲን ሲያነሣቸው፣ ከአስናቀች ትከሻ በላይ የአንድ የሜዳ አህያ ሁለት ጆሮ ብቻ ይታይ ነበር።