የዳኛ ገብረኪዳን የብረት ምድጃ

ዳኛ ገብረኪዳን ነቀምቴ ከመጣ ስድስት ዓመት ሆኖታል። በስድስት ዓመት ውስጥ አንድም የኦሮምኛ ቃል አልተማረም፤ ይህንንም በየግብዣው እንደ ሙያ ያወራው ነበር። ሊያናግረው የፈለገ ሰው በአማርኛ ይናገር፤ የማይችል ከሆነም አስተርጓሚ ይዞ ይምጣ። አስተርጓሚ ያጣ ባለጉዳይ ግን መዝገቡ ይዘጋበታል።

ሚስቱ ድርቤ የዚያው አገር ሰው ናት። ስሟ ለአፉ አልጥም ስላለው በሠርጉ ማግስት ሸዋጌጥ ብሎ ሰየማት። እናቷ ከገጠር ስትመጣ በጓሮ በር ገብታ፣ ማድ ቤት ተቀምጣ፣ ልጇን በሹክሹክታ አነጋግራ ትመለሳለች። ሳሎን ውስጥ ያ ቋንቋ እንዲሰማ ዳኛው አይፈቅድም። ድርቤ በዚህ ነገር አንድም ቀን ተከራክራው አታውቅም። የፍርድ ቤቱ ጸሐፊ ሸዋርጋ እንዲህ ያለች ጨዋ ሚስት ሸዋም አትገኝም ይል ነበር።

የሚኖሩበት የድንጋይ ቤት ጣሊያን የሠራው ነው። በሳሎኑ ግድግዳ ውስጥ ትልቅ ምድጃ አለ፤ ጣሊያን ከወጣ ወዲህ ግን እሳት ነዶበት አያውቅም። በ፲፱፻፶፩ ክረምት ዳኛው ጉልበቱን ብርድ ቆረጠመውና ከአዲስ አበባ በጭነት መኪና የብረት ምድጃ አስመጣ። አራት እግር፣ ትንሽ በርና ረጅም የጭስ ቱቦ ያለው ነው። በአሮጌው ምድጃ ፊት ለፊት ይቆማል፤ ቱቦው ወደ አሮጌው አፍ ይገባል፤ የተረፈው ክፍተት በቆርቆሮ ይደፈናል።

ይህን የሚሠራ ሰው ሲፈለግ ቀጥቃጩ ዋጋሪ ከኑኑ ቁምባ ተጠርቶ መጣ። አማርኛው ከ«ጤና ይስጥልኝ» አያልፍም። ከሁለት ዓመት በፊት የአባቱን መሬት በዚሁ ዳኛ ፊት ተረትቷል፤ በቀጠሮው ቀን አስተርጓሚ አልነበረውም። ዳኛው ፊቱን አይቶ ሲያስታውሰው ፈገግ አለ። መሬት ባይኖረው እጅ አለው ብሎ ወደ ሥራው መራው።

የሳሎኑም ደንብ ለሥራው ሲባል ላላ። ድርቤ በሁለቱ መካከል ቆማ ታስተረጉም ጀመር።

ዋጋሪ መሣሪያውን ሳያወጣ ራሱን ወደ አሮጌው ምድጃ አፍ አስገብቶ ሽቅብ ተመለከተ። ሲወጣ ፊቱ ጥላሸት ለብሶ ነበር። ወደ ላይ እየጠቆመ ብዙ ተናገረ፤ «ኣራ፣ ኣራ» እያለ ደጋገመ። ቃሉ በአማርኛ ነውር ነውና ዳኛው ዕንባው እስኪፈስ ሳቀ።

ሳቁ ሲበርድ ሰውየው ምን እንደሚል ጠየቀ። ድርቤ ሥራው አንድ ቀን ይፈጃል ማለቱ ነው አለችው።

«ይህን ሁሉ ለፍልፎ?»

«ቋንቋው ረጅም ነው» አለች ድርቤ።

ዳኛው አባባሉን ወደደው፤ በማግስቱ ችሎት ሳይቀመጥ ለባልደረቦቹ አወራው። ድርቤ ደግሞ ወደ ዋጋሪ ዞራ ዝግ ባለ ድምፅ ተናገረችው። ሰውየው ራሱን ነቀነቀ፣ ዳኛውን አየ፣ ከዚያም ሥራውን ጀመረ።

ምድጃው ቆመ። ዳኛው ለሦስት ቀን የከተማውን ሹማምንት በየተራ እየጠራ አሞቃቸው። በአራተኛው ቀን ራሱን አመመው፤ አዞረውም። ጥፋቱ የቀጥቃጩ መሆኑን ስላልተጠራጠረ አስጠራው። ያን ለት ሸዋርጋም ተቀምጦ ነበር።

ዋጋሪ ገና ሲገባ የተዘጉትን መስኮቶች አየና ሮጦ አንዱን ከፈተ። ከዚያ ዳኛው ፊት ቆሞ በሁለት እጁ የገዛ አንገቱን አነቀ፤ ዓይኑን አፈጠጠ፣ ምላሱን አወጣ። ሸዋርጋ ከወንበሩ ብድግ አለ።

«ምንድን ነው የሚለው?» አለ ዳኛው።

ድርቤ አንገቷን ደፋች። «ስለ መሬቱ ነው። ባልናገረው ይሻለኛል።»

ዋጋሪ ተገፍቶ ወጣ። ድርቤ መስኮቱን መልሳ ዘጋች። ስለ ራስ ምታቱም ሰውየው የተናገረው ነገር እንዳለ ለባሏ ነገረችው፤ አዲስ ብረት እስኪለምድ ጥቂት ቀን ይሸታል፣ በጋለበት ጊዜ የውጭ ብርድ ካገኘው ደግሞ ይሰነጠቃል ብሏል። ዳኛው ቀጥቃጭም አንዳንዴ እውነት ይናገራል አለ።

እሑድ ዝናቡ ከጧት ጀምሮ አላባራም። ድርቤ ምሳ አቅርባ ቤተ ክርስቲያን ሄደች። ዳኛው ምድጃውን ከሰል ሞላው፣ የሳሎኑን በር ዘጋ፣ ብርድ ልብሱን ተከናንቦ ሶፋው ላይ ጋደም አለ። ወደ ማታ ስትመለስ በቤቱ ውስጥ የሚሞቀው ምድጃው ብቻ ነበር።

ሸዋርጋ ያየውን ለፖሊስ ለመንገር ቀብሩን እንኳ አልጠበቀም። ከደብረ ብርሃን ተዛውሮ ወር ያልሞላው ሃምሳ አለቃ ዘነበ ዋጋሪን በካቴና አስሮ ወደ ዳኛው ቤት አመጣው። ጭስ ማውጫውን በረጅም እንጨት ሲያስጎረጉር የሣርና የጭቃ የወፍ ጎጆ ከነላባው ወረደ። ሃምሳ አለቃው ጉዳዩ ተጣርቷል ባይ ነው፤ የቀረው ቃል መቀበል ብቻ ነበር። የጣቢያው አስተርጓሚ ግን ለሥራ ጊምቢ ሄዷል። ሃምሳ አለቃው ለአንድ ቀጥቃጭ ሲል ሁለት ቀን የሚጠብቅ ሰው አይደለም። እዚያው ቤት ሁለቱንም ቋንቋ አጥርታ የምትናገር ሰው አለች።

ድርቤ ከል ለብሳ መጥታ በሁለቱ መካከል ቆመች። ዋጋሪ እያለቀሰ ተናገረ፤ በቋንቋው ጭስ ማለት የሆነውን «ኣራ» የሚለውን ቃል ደጋገመ። በታሰሩ እጆቹ ወደ ጭስ ማውጫው ጠቆመ፣ ወደ መስኮቱ ጠቆመ፣ በመጨረሻም ወደ እሷ ጠቆመ። ከዚያ ሃምሳ አለቃውን ዓይን ዓይኑን ያየው ጀመር።

ዘነበ ብዕሩን ወረቀቱ ላይ አሳርፎ ምን እንደሚል ጠየቃት።

«አዎ፣ ሆን ብዬ ነው የገደልኩት ይላል» አለች ድርቤ።