ሥጋ በሁዳዴ ሰኞ

«መጀመሪያ ይቅመሱት» አለች ጌታነሽ፣ በሩን ገርበብ አድርጋ።

አወቀ ከአህያው ላይ ያወረደውን ኬሻ እግሩ ሥር አስቀምጦ አፈጠጠባት። ኬሻው ውስጥ ትናንት በቅበላው ማታ የታረደ አንድ ሙሉ ሙክት ተገነጣጥሎ አለ። ከጌታነሽ ኋላ፣ በድሮው የእህል መጋዘን ግቢ፣ ውሾቹ ሽታው ደርሷቸው በሩን በጥፍራቸው ይቧጥጣሉ። ድመቶቹ ካቡ ላይ ተደርድረው እንደ ዳኛ ቁልቁል ያያሉ።

«ምን አልሽ?»

«ሰምተውኛል። ይቅመሱትና እቀበላለሁ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ዛሬ እኮ ሁዳዴ ገባ! እኔ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ውሃ እንኳ በአፌ አይዞር!»

ሳቀችበት። በአፏ አንቱ ትለዋለች፤ በልቧ ግን የምትጠራበት ስም ለየትኛውም ውሻዋ የማይገባ ነው። አምና በዚሁ ሰሞን ሥጋ ቤቶች ተዘግተው የተራቡ ውሾች ወደ በረት ሲጠጉ፣ የሞላሌ ከተማን በግ አርቢዎች ሰብስቦ «መፍትሔው መርዝ ነው» ያለ እሱ ነው። መርዝ የተለወሰውን ሥጋ በገዛ እጁ መንገድ ለመንገድ በትኖ፣ በማግሥቱ ነጠላውን አጣፍቶ ቅዳሴ ቆመ። ሬሳውን በጋሪ የለቀመችው ጌታነሽ ናት። የተረፉትን ወደዚህ ግቢ አስገብታ «እዚህ የገባ እንስሳ በሰው እጅ አይሞትም» ብላ ከተማውን ሁሉ ተጣላች።

ደጋፊ አላጣችም። አዲስ አበባ ያሉት የውሾቹን ፎቶ ባዩ ቁጥር በስልክ ቀይ ልብ ይልኩላታል። ልብ በስልክ ተልኮ ቢቀቀል ኖሮ ውሾቿ እስካሁን ሰብተው ነበር። በእጇ ያለው ግን ግማሽ ጆንያ ፉርሽካ ነው፤ ከዛሬ ጀምሮ እስከ ፋሲካ ደግሞ በከተማው አጥንት የሚጥል ሥጋ ቤት የለም።

«ወድጄ መሰለሽ?» አለ አወቀ። «የንስሐ አባቴ ናቸው፤ አባ አትናቴዎስ። የፈጀሃቸውን ወገኖች ሳታበላ ለትንሣኤ አላቆርብህም አሉኝ።»

«እፎይ! አዝነው ያመጡ መስሎኝ ልደነግጥ ነበር።»

«ለውሻ ነው የማዝነው? ታዘዝኩ፣ አረድኩ፣ አመጣሁ። ተቀብያለሁ በይና ልሂድ።»

«ጅብ ቁርበት አንጥፉልኝ የሚለው በማያውቁት አገር ነው፣ አቶ አወቀ። እኛ እናውቅዎታለን።»

ጥርሱን ነከሰ። «እሺ፣ ያሲን ይቅመሰው። ሱቁ እዚሁ ነው፤ እሱ ሁዳዴ አይጾም።»

«ያሲን ክርስቲያን ያረደውን አይበላ! እርስዎን ለማጽደቅ እሱ ሃይማኖቱን ይልቀቅ?»

«እንግዲያው ያቺን ዕውሯን አሮጊት ውሻ አምጫት። ለእሷ አንድ ቁራጭ እንስጣትና እስከ ማታ እንያት። ብትሞትስ ዕድሜዋን ጨርሳለች።»

የጌታነሽ ደም ወደ ፊቷ ወጣ። ይህ ሰው ንስሐ ገብቶ እንኳ ከመግደል ሌላ ዘዴ አይመጣለትም።

«ዕድሜዋን መጨረሷን እርስዎ ከየት አወቁት? የሁላችንን ዕድሜ ጠባቂ አድርጎ ማን ሾመዎት? መርዝ ሲበትኑ ጾም ነበር፤ ያኔ አልከለከለዎትም። ዛሬ አንዲት ጉርሻ ሊከለክልዎት ነው? ወይ ይብሉት፣ ወይ ይጫኑትና ከደጄ ይሂዱልኝ!»

ስድቧ ገና አላለቀም። ጀርባውን ሲሰጣት የምትወረውርለትን መርጣ በምላሷ ላይ አዘጋጅታለች።

አወቀ ግን አህያውን አልነካም። መንገዱን ግራና ቀኝ ቃኘ። ጋቢውን እስከ ግንባሩ ሳበ፣ ቁጢጥ ብሎ የኬሻውን አፍ ፈታ፣ ሰንጢውን ከኪሱ አወጣ። ከታፋው ጫፍ ጥፍር የምታህል ሊቆርጥ ሲል፣

«እሱን አይደለም» አለች፤ «ከጎድኑ፣ ከውስጥ በኩል። ወፈር ይበል።»

ከጎድኑ ቆረጠ። «ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ገድፌ አላውቅም» አለ፤ ለእሷ ይሁን ለሥጋው አይታወቅም። አማተበና ጎረሰ።

ጌታነሽ መዋጡን ለማየት ጉሮሮውን ትጠብቅ ጀመር። ሰውየው ያኝካል፤ ዓይኑ እንባ አቅርሯል።

ከኪዳን የምትመለሰው ጥሩሸዋ፣ የአወቀ የማኅበር ጓደኛ፣ በማዕዘኑ ብቅ ያለችው ይሄኔ ነው። ሰንጢውን አየች፣ የሚንቀሳቀሰውን አገጭ አየች፤ ባለችበት ቀረች።

«በስመ አብ! አያ አወቀ! በሁዳዴ ሰኞ? ያውም ጥሬ? ያውም ውሻ ደጅ ተቀምጠው?»

አወቀ በጣቱ ወደ ጌታነሽ ቢጠቁም ይበቃው ነበር። አልጠቆመም። አቀርቅሮ ያኝካል።

ጥሩሸዋ ከንፈሯን አጣመመች፣ አፍንጫዋን በነጠላዋ ያዘች፣ ሰውየውን ከጋቢው እስከ ጫማው በዓይኗ ጠረገችው። ጌታነሽ ያን ፊት አወቀችው። እሷም አወቀ አህያውን እየነዳ ከመጣ ጀምሮ ለብሳው የቆመችው ይህንኑ ፊት ነው። በሌላ ሰው ላይ ሲታይ እንዲህ የሚያስጠላ አልመሰላትም ነበር።

«ምን ትገተሪያለሽ!» ብላ ጮኸችባት። «እኔ ነኝ ያስበላሁት! ለአባ አትናቴዎስም ንገሪያቸው፣ ለማኅበርተኛሽም ንገሪ! ሂጂ!»

ጥሩሸዋ ሁለት ጊዜ መነገር አላስፈለጋትም፤ እንዲህ ያለ ወሬ ይዞ ቀስ ብሎ የሚሄድ እግር የላትም።

ጌታነሽ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተች። ጎንበስ ብላ የኬሻውን አንድ ጫፍ ያዘች።

«ይያዙልኝ እንጂ» አለች።

አወቀ ሌላውን ጫፍ ይዞ ተነሣ፤ ጉንጩ እንዳበጠ ነው፣ ገና አልዋጠም። ውሾቹ ሁለቱንም ከበቧቸው።