ለቅሶ መድረስ

ሥዩም በሰው አገር፣ ቡኮቶ ሰፈር ባለው የሥነ ልቦና ምክር ክፍል ቅጹን ጭኑ ላይ ዘርግቶ፣ «እትዬ ራሂማ፣ እንቅልፍ ይወስድዎታል?» ብሎ ጠየቀ።

«አልሐምዱሊላህ።»

«ምግብስ?»

«አልሐምዱሊላህ አልኩህ እኮ! ወረቀትህ ጆሮ የለውም?»

ልጃቸው ኮምቦልቻ ከሞተ ወር አልፎታል። መርዶውን በስልክ ሰምተው በማግስቱ ኦዊኖ ገበያ ያለውን ሱቃቸውን ከፈቱ፤ እንባም አልወጣቸውም። ዛሬም «ደኅና ነኝ» ካሉ፣ መዝገባቸው ተዘግቶ ብቻቸውን ሊቀሩ ነው። ሥዩም ማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ የተማረውን ቀጣዩን ጥያቄ ሊያነብ አፉን ከፈተና አፈረ። ሦስት ጊዜ ሲገናኙ ሁሉንም ጠይቋቸዋል፤ ለቅሶ ግን አልደረሳቸውም። ቅጹን አስቀመጠ፤ ጫማውን አውልቆ ምንጣፉ ላይ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ።

«አላህ ያጽናዎት» አለ።

እትዬ ራሂማ ከወንበራቸው ወርደው አጠገቡ ተቀመጡ። «አሁን ገና መጣህ» አሉና ሻሻቸውን ፊታቸው ላይ ስበው አለቀሱ።