ማህፀንና የዱር ውሻ

ፕሮፌሰሩ የሰው ጽሑፍ አያነብም፤ ይቆጥራል። የሆስፒታሉ ቅጥርና ዕድገት ኮሚቴ ሰብሳቢ ሆኖ በኖረባቸው ዓመታት ሁሉ የሰውን ልክ የለካው ባሳተማቸው ጥናቶች ብዛት ነው። የመካንነት ክሊኒኩን የሚመራውን ሐኪም የቀጠረውም እንዲሁ ነበር። ዝርዝሩን አየ፣ ረጅም ነው፣ ፈረመ።

አሁን ያው ሐኪም የፕሮፌሰርነት ማዕረግ ጠይቋል። ዝርዝሩን ለመጀመሪያ ጊዜ ከላይ እስከ ታች ያነበበችው የኮሚቴው ጸሐፊ ናት።

«ፕሮፌሰር፣ እዚህ ላይ የማይገባኝ ነገር አለ» አለች፣ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ። «ግማሹ ስለ ማህፀን ነው። ግማሹ ስለ ዱር ውሾች።»

«ስለ ምን?»

«ስለ ዱር ውሾች። የመንጋው እናት ስትሞት ቡችሎቹን ማን እንደሚያሳድግ ይላል አንዱ። ይኼኛው ደግሞ... ስለ ዓይነ ምድራቸው ነው።»

ፕሮፌሰሩ ከት ብሎ ሳቀ። ነገሩ ወዲያው ገባው፤ እሱ የማይገባው ነገር የለም። ስሙና የአባቱ ስም የገጠመ ሞክሼ አለ ማለት ነው፤ ጫካ ለጫካ ውሻ ሲከተል የሚውል አንድ ምስኪን። ሐኪሙ ስሙን ኮምፒዩተር ላይ ጽፎ የመጣለትን ሁሉ ጠቅልሎ ወስዶታል።

«ሌባ! ሲሰርቅ እንኳ የረባ ነገር አይሰርቅም። አር! ሰው አር ይሰርቃል?»

«ልጅዎ ግን የእሱ ታካሚ አይደለችም እንዴ?»

ናት። ልጅ ፈልጋ ዓመታት ደክማለች። በቀድሞው ሐኪም ጊዜ ተዘጋጅተው በቅዝቃዜ ከተቀመጡላት ጽንሶች የቀረው አንድ ብቻ ነው። አዲሱ ሐኪም ማህፀኗ ውስጥ ካስገባቸው አንዱም አልያዘም። ፕሮፌሰሩ ጥፋቱን በልጁ ጭንቀት አሳብቧል። የመጨረሻው ጽንስ የሚገባው ዛሬ ጠዋት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ ዕድል የላትም።

«ሌብነቱ ሌላ፣ እጁ ሌላ» አላት ጸሐፊዋን። «የማህፀኑ ጽሑፍ እኮ የራሱ ነው።»

ልጁም ብትሆን ሐኪሟን ትወደዋለች። «አባዬ፣ ሌሎቹ በጥያቄ ያደርቁኝ ነበር» ብላው ታውቃለች። «እሱ ምንም አይጠይቀኝም። ራቅ ብሎ ያየኛል። ሲጠጋኝ እንኳ በጎን በኩል ነው፣ ቀስ ብሎ፣ እንዳልደነግጥ።»

«ልምድ ነው፣ ልጄ» ብሎ ነበር የመለሰላት።

ፕሮፌሰሩ ከኮሚቴው ስብሰባ ለአፍታ ሲወጣ ሐኪሙን ኮሪደሩ ላይ አገኘው። አረንጓዴውን የሕክምና ልብስ ለብሶ ወደ ልጅቷ እየሄደ ነበር።

«ውሾችህ እንዴት ናቸው?» አለው ፕሮፌሰሩ።

የሐኪሙ ፊት አመድ መሰለ። «ማን... ማን ነገረዎት?»

«ገና ምኑ ታይቶ! ልጄን ጨርስና እንነጋገራለን።»

ሐኪሙ ጠባሳ በጠባሳ በሆነው ክንዱ ግንባሩን ጠርጎ ወደ ክፍሉ ገባ። ከበሩ በላይ ሕክምና መጀመሩን የሚያሳየው ቀዩ መብራት በራ። ፕሮፌሰሩ እየተፍነከነከ ወደ ስብሰባው ተመለሰ። ሌባ ሲደነግጥ ማየት ደስ ይለዋል።

ጸሐፊዋ ከአንዱ የውሾች ጥናት ግርጌ የፓርኩን ጽሕፈት ቤት ስልክ አግኝታ ደወለች። ፕሮፌሰሩ ስልኩን ነጠቃትና ሁሉም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረገው።

«ሃሎ! የዱር ውሾቹን የሚያጠናውን ዶክተር ነው የምንፈልገው» ብሎ ስሙን ከነአባቱ ጠራ። «ጽሑፎቹን የሰረቀበት ሰው እጃችን ላይ አለ። ይምጣና ይመስክር።»

ወዲያ ማዶ ያለው ሠራተኛ የአያቱን ስም ጨምሮ ጠየቀ፤ «እሱን ነው?»

ጸሐፊዋ ማህደሩን ገለጠች። የአያቱም ስም ያው ነው። ቀና ብላ ፕሮፌሰሩን አየችው፤ ከኋላው፣ በመስታወቱ በር በኩል፣ ቀዩ መብራት አሁንም እንደበራ ነው።

«እሱማ ከዚህ ከሄደ ሁለት ዓመቱ» አለ ሠራተኛው። «የሴቶች ሐኪም ሆኜ ተቀጠርኩ ሲለን እኮ በሳቅ ነው የፈረስነው።»