የሚያነብልህ ሰው አምጣ

ጓድ ገርባ የብስኩቱን ቆርቆሮ ጠረጴዛው ላይ ገለበጠው። አሥራ አንድ ያረጁ ሳንቲሞች ተንከባለሉ፤ አንዱ እኔ እስክሪብቶዬ ሥር መጥቶ ቆመ። አልነካሁትም። እኔ የቀበሌው ጸሐፊ ነኝ፤ ሥራዬ የተባለውን ቃለ ጉባኤ ላይ ማስፈር ብቻ ነው።

ከፊታችን አግዳሚው ላይ የተቀመጡት መምህር ኃይለየሱስ ናቸው። ጠዋት በተደረገው አሰሳ ይህ ቆርቆሮና አንድ ደብተር ከአልጋቸው ሥር ተገኘ። ደብተሩ ውስጥ በላቲን ፊደል የተቆራረጡ ቃላት ተደርድረዋል፤ ሦስት ፊደል፣ ነጥብ፣ ሁለት ፊደል፣ ነጥብ። ሊቀመንበራችን ገርባ የአናርኪስቶች የሚስጥር ጽሑፍ ነው ብሏል። ገርባ አንዴ ካለ ከሰዓት መኪና ይመጣል። በዚያ መኪና ሄዶ ተመለሰ ብዬ የጻፍኩት ሰው እስካሁን የለም።

እውነቱን ልናገር፣ አላዘንኩላቸውም። ሚሲዮኑ ትምህርት ቤት ሦስት ዓመት ላቲን ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው፤ ማስተማር ከተባለ። ጣቴን በማስመሪያ እየቀጠቀጡ፣ «እጅህን ከማንሳትህ በፊት አስብ» እያሉ። በመጨረሻ ለኃላፊው «ይህ ልጅ ለትምህርት አይሆንም» ብለው ጻፉና ውጭ ልማርበት የነበረው ዕድል ለሌላ ተሰጠ። ይኸው ዛሬ የሰው መከራ እየጻፍኩ እኖራለሁ። ይህን ገርባ አያውቅም። በዚህ ዘመን የሚሲዮን ተማሪ ነበርኩ ብሎ የሚያወራ ጅል የለም።

ሳንቲሞቹን ከየት አመጣህ ተባሉ። ጋራዡ የተወረሰበት ጣሊያን አገር ለቆ ሲሄድ ሰጠኝ አሉ። ላዩ ላይ ያለው ሰውዬስ ማነው? የሮም ንጉሥ ነው፣ ከሞተ ሺህ ስምንት መቶ ዓመት አልፎታል አሉ። ገርባ ሳቀ። ሞጆ ቆዳ ሲያለፋ የኖረ ሰው ነው፤ ማንም እንደማያታልለው እርግጠኛ ነው።

እኚህ ሽማግሌ ታዲያ አርፈው አይቀመጡም፤ ጭራሽ ማስተማር ጀመሩ። ሳንቲም ጠባብ ስለሆነ ቃላቱ እየተቆረጡ እንደሚጻፉ፣ በአማርኛ «ለ» ከስሙ ፊት ስትመጣ በላቲን ግን የስሙ ጭራ እንደሚለወጥ፣ እኔ ፊት ባለው ሳንቲም ላይ ደግሞ ግሡ ጨርሶ እንዳልተጻፈ አስረዱ። ጣታቸውን እንደ ድሮው አየር ላይ እያወዛወዙ፣ ጭራውን ያላየ ሰው ማን ሰጭ፣ ማን ተቀባይ እንደሆነ አያውቅም አሉ።

ገርባ ወደ እኔ ዞረ። «ሰጭና ተቀባይ መኖሩን አምኗል። ጻፍ።»

ጻፍኩ።

ከዚያ የተለመደውን ወጥመድ ዘረጋ። «የሚያነብልህ ሰው አምጣ» አላቸው። «አንተ ሳትነግረው ያንብበው። ቃላችሁ ከገጠመ ቆርቆሮህን ይዘህ ቤትህ ትገባለህ።»

ይህችን ነገር አራት ጊዜ ጽፌያታለሁ። አራቱንም ጊዜ ሊመሰክር የመጣው ሰው ከተከሳሹ ጎን ተቀምጦ ቀርቷል። በገርባ ሂሳብ ሚስጥሩን ማንበብ የቻለ ሁሉ አባል ነው።

መምህር ኃይለየሱስ ቀና ብለው አዩኝ። ከገቡ ጀምሮ ገና አሁን ማየታቸው ነው። በድፍን ናዝሬት ይህን የሚያነብ ከእኔ ሌላ አልቀረም፤ የቀሩት ወይ አገር ለቀዋል ወይ አልቀዋል። ስሜን ሊጠሩ ነው ብዬ ጠበቅኩ። እመብርሃን አፋቸውን ያዥልኝ አልኩ በሆዴ።

«የለም» አሉ፣ ዓይናቸውን ከእኔ ላይ ሳይነቅሉ። «ሃያ ዓመት አስተማርኩ። አንድም የገባው ልጅ አላገኘሁም። ሁሉም ደደብ ነበር።»

ተመስገን ብዬ ዝም ማለት ነበረብኝ። ምን ያደርጋል፣ ደሜ ፈላ። መኪናው እየመጣበት እንኳ ይሰድበኛል ይህ ሽማግሌ! ያ ማስመሪያ፣ ያ ደብዳቤ፣ እዚህ ወንበር ላይ ያለቀው ዕድሜዬ፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጣብኝ። እስክሪብቶዬን ጣልኩና ከፊቴ ያለውን ሳንቲም አነሳሁ። ሳንቲሙን ማየት እንኳ አላስፈለገኝም ነበር፤ ልጅ ሆኜ በቃሌ ያጠናሁት ነው።

«የሮም ሸንጎና ሕዝብ፣ ለምርጡ መሪ» አልኩ። «ሰጭው ሕዝቡ ነው፣ ተቀባዩ ንጉሡ። ተሳሳትኩ?»

ውጭ የናዝሬት ነፋስ የጣራውን ቆርቆሮ ያንኳኳል። መምህር ኃይለየሱስ ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ያኔ ነው ያደረግኩት የታወቀኝ፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ፣ ማን ይመልሰዋል።

ገርባ ጎንበስ ብሎ እስክሪብቶዬን ከመሬት አነሳ። ጫፉን በሱሪው ጠረገና ቃለ ጉባኤውን ወደ ራሱ ሳበ። ሁለት ዓመት ሙሉ ምሳ ከአንድ ሳህን በልተናል።

«ኮቱ፣ ሰብስቤ» ብሎ በኦሮምኛ «ና» አለኝ፣ ስሜን ጠርቶ፣ ድምፁን አለስልሶ፣ አግዳሚውን በአገጩ እያሳየ።

ሄጄ አግዳሚው ላይ ተቀመጥኩ። ሽማግሌው ጠጋ አሉልኝ። ወደ ጆሮዬም ዘንበል አሉ።

«አልተሳሳትክም» አሉኝ። «እጅህን ከማንሳትህ በፊት አስብ ነው ያልኩህ።»

ገርባ አዲስ ገጽ ገለጠ።

«ሙሉ ስም?» አለኝ።